«በእጅ የተሠራ ሊንክ» ለጅማው ፔንሲዮን ያዋጣል?

ጥያቄው፦ «ጅማ ውስጥ ከሕክምና ማዕከሉ ብዙ ሳይርቅ 14 ክፍል ያለው ፔንሲዮን አለኝ። ዓምና የእህቴ ልጅ ዌብሳይት ሠራልኝ። ጎግል ላይ ‹ሆቴል ጅማ› ብዬ ስፈልግ ግን ራሴን የማገኘው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለሙያ በ30,000 ብር በአንድ ወር 3,000 ሊንክ እሠራልዎታለሁ አለኝ። ‹ሁሉም በሰው እጅ የሚሠራ ነው፤ ሮቦት የለበትም፤ ስለዚህ ጎግል አይቀጣም› ይላል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ይህ ሁሉ ብር ለምን ይወጣል ብሎ ማታ ማታ ራሱ ጀምሮታል። እስካሁን ወደ 60 ቦታ አስተያየት እየጻፈ የእኛን ሊንክ አስገብቷል። የቱ ይሻላል?»

ሁለቱም አይሻሉም። (እዚህ ሊንክ የምንለው ሌላ ሳይት ላይ ተቀምጦ ወደ እርስዎ ሳይት የሚወስደውን ማገናኛ ነው።) ባለሙያው በርካሽ ቢሠራልዎትም መልሴ ይኸው ነው። ስህተቱ ያለው «በእጅ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ይህቺ ቃል ከገበያ የመጣች ናት። ድሮ በአንድ ሌሊት ሺህ ቦታ ላይ ሊንክ የሚረጭ ሶፍትዌር ነበር። ጎግል እሱን መለየት ሲጀምር ሻጮቹ «የእኛ በሰው እጅ ነው» ማለት ጀመሩ። ገዢውም እፎይ አለ። የጎግል መመሪያ ግን በእጅ ለተሠራና በማሽን ለተሠራ ሊንክ የተለያየ ፍርድ የለውም። የሚያየው ሊንኩ ለምን እንደተቀመጠ ነው። ደረጃ ከፍ ለማድረግ ተብሎ የተገዛ ሊንክ፣ «አንተ ለእኔ፣ እኔ ለአንተ» እየተባለ በብዛት የተለዋወጡት ሊንክ፣ በየአስተያየቱ ሥር የተወሸቀ ሊንክ፣ ማንም በማያየው ዳይሬክተሪ (የሳይቶች ማውጫ) ላይ የተመዘገበ ሊንክ፣ ሁሉም ክልክል ተብለው በግልጽ ተጽፈዋል። ሰው በጣቱ ተይቦ ማስገባቱ ነጻ አያወጣቸውም።

ማስታወቂያ መግዛት ግን ክልክል አይደለም። ማንም ሳይት ላይ ከፍለው ስምዎን ማስነገር ይችላሉ። ጎግል የሚጠይቀው በሊንኩ ኮድ ውስጥ «ስፖንሰርድ» ወይም «ኖፎሎው» የሚል ምልክት እንዲደረግበት ነው። ማለትም «ይህ የተከፈለበት ነው፣ እንደ ምስክርነት አትቁጠረው» ማለት ነው። የእርስዎ ሻጭ ይህንን ምልክት አደርጋለሁ አይልም። የሚሸጠው ምስክርነት ነዋ።

ምስክርነት ስል ምን ማለቴ ነው? አንድ እንግዳ ማታ ጅማ መናኸሪያ ወረደ እንበል። ማረፊያ ይጠይቃል። ደላላው አንድ ስም ይነግረዋል። ባጃጅ ነጂው ሌላ ስም ይነግረዋል። እንግዳው ሁለቱም ኮሚሽን እንደሚያገኙ ከገባው ይሰማቸዋል እንጂ አያምናቸውም። ከሱቅ የወጡ አንዲት እናት «እኔ እህቴን ያሳረፍኳት እዚያ ነው፣ ንጹሕ ነው» ቢሉት ግን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ጎግልም የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ያወጡት ስሌት ፔጅራንክ ይባላል። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲያደርግ እንደ ምስክር ይቆጠራል። ብዙ የሚመሰከርለት ገጽ የሚሰጠው ምስክርነት ደግሞ ክብደቱ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኩባንያው የተቋቋመው በዚህ ነው። ሊንክ ዛሬም ይቆጠራል። ዛሬ ግን ከብዙ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነው። ደግሞም 3,000 ደላላ ቢሰበስቡ አንድ ምስክር አይወጣቸውም።

ጎግልም ደላላን ከምስክር መለየት ከጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎግል፣ ያሁና ኤምኤስኤን ተስማምተው «ኖፎሎው» የተባለውን ምልክት አመጡ። ዋና ዓላማው በአስተያየት ሥር የሚረጨውን ሊንክ ዋጋ ማሳጣት ነበር። የእህትዎ ልጅ ያስገባቸው 60 ሊንኮች አብዛኞቹ ይህ ምልክት ሳይኖርባቸው አይቀርም፤ የአስተያየት ሳጥኖች በራሳቸው ነው የሚለጥፉት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2012 ደግሞ ፔንግዊን የሚባለው የጎግል ስሌት ለውጥ መጣ። ሊንክ ገዝተው የከበሩ ብዙ ሳይቶች በአንድ ጊዜ ወደቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፔንግዊን የዋናው ስሌት አካል ሆነ። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል። ጎግል አስመሳይ ሊንክ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ሳይቱን አይቀጣም። ሊንኩን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻም ስፓምብሬን የተባለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን የተገዙ ሊንኮችን ለመለየት እንደተጠቀመበት አስታውቋል።

ስለዚህ ሻጩ «አይቀጣም» ሲል በከፊል እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይቀጣም። 30,000 ብርዎ ግን ውኃ ይበላዋል።

«በከፊል» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቡና ነጋዴ ሳይቱ ድንገት ከጎግል ጠፍቶበት ወደ እኔ መጣ። ሰርች ኮንሶልን (ጎግል ለሳይት ባለቤቶች የሚሰጠውን መከታተያ) ስንከፍት «ማኑዋል አክሽን» የሚል ማስታወቂያ አገኘን። ይህ የጎግል ሠራተኛ ራሱ አይቶ የሚወስደው እርምጃ ነው። ነጋዴው ከዓመት በፊት ሊንክ ገዝቶ ነበር። በሁሉም ላይ የተጻፈው ያው አንድ ሐረግ ነው። መቶ ሰው በአንድ ቃል ሲመሰክር የተጠና መሆኑን ለማወቅ ዳኛ መሆን አያስፈልግም። ለየሳይቱ ባለቤት እየጻፍን አስወግዱልን አልን። ሊንኩን ለማስገባት ገንዘብ የተቀበሉት አንዳንዶቹ ለማንሣትም ገንዘብ ጠየቁ። ያልጠፋውን በዲሳቫው ፋይል፣ ማለትም «እነዚህን ሊንኮች አትቁጠርብኝ» ተብሎ ለጎግል በሚላክ ዝርዝር፣ አስገባን። ለጎግል ያቀረብነው የመጀመሪያው አቤቱታ ውድቅ ሆነ። ሁለተኛው አለፈ። ሁሉም ተደምሮ ወራት ፈጀ፤ ያውም በቡና ወቅት። ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም ሳይቱ ወደ ድሮ ቦታው አልተመለሰም። ድሮ የቆመው በተገዙት ሊንኮች ላይ ነበርና። ያ ሰው ሲያዝን ማየት አሁንም ይከብደኛል። ለዚህ ነው በዚህ ጉዳይ ለስለስ ብዬ የማልመልሰው።

ሻጩ ምናልባት «ከፍተኛ ዲኤ ያላቸው ሳይቶች» የሚል ሰንጠረዥ ያሳይዎታል። ዲኤ፣ ማለትም ዶሜይን ኦቶሪቲ፣ ሞዝ የሚባል የግል ኩባንያ የሚያወጣው ግምት ነው። ጎግል ለደረጃ አይጠቀምበትም። «የዩኒቨርሲቲ ሊንክ አለኝ» ካለዎትም ይጠንቀቁ። የትምህርት ተቋም ዶሜይን (የሳይት አድራሻ) በስሙ ብቻ የተለየ ክብደት አይሰጠውም። የተቋም ገጽ ላይ በጓዳ በር የገባ ሊንክ ደግሞ ለተቋሙም ለእርስዎም ጣጣ ነው።

የእህትዎን ልጅ 60 አስተያየቶች በተመለከተ አይደንግጡ። ልጁ ሊረዳዎት ብሎ ነው። ሊያጠፋቸው የሚችላቸውን ያጥፋ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያቁም፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ዲሳቫው ውስጥ እንዳይገባ ግን አደራ። ያ መሣሪያ ማኑዋል አክሽን ለደረሰበት ወይም ሊደርስብኝ ነው ብሎ በቂ ምክንያት ላለው ሰው ነው። በስህተት ጥሩ ሊንክ ከከተቱበት የራስዎን ምስክር ራስዎ አባረሩ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ችግርዎ ሊንክ ማነስ ነው ብለው ተነሡ። እኔ ግን አይመስለኝም። «ሆቴል ጅማ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ጎግል መጀመሪያ የሚያሳየው ካርታውን ነው። ከሥሩ ቡኪንግ ዶት ኮምና ትሪፕአድቫይዘርን የመሳሰሉ ግዙፍ ሳይቶች ይደረደራሉ። 14 ክፍል ያለው ፔንሲዮን እነሱን በሊንክ ብዛት አይበልጣቸውም። 3,000ም ቢሆን፣ 30,000ም ቢሆን። ቢያዋጣዎት እነሱ ላይ ይመዝገቡ፤ ካርታው ላይ ግን የግድ ይግቡ።

ካርታው የራሱ መመዘኛ አለው። ጎግል ሦስት ነገር አያለሁ ይላል፦ ከጥያቄው ጋር ምን ያህል ይስማማል፣ ምን ያህል ቅርብ ነው፣ ምን ያህል ይታወቃል። ቅርበቱን መለወጥ አይቻልም። የቀሩት ሁለቱ በእጅዎ ናቸው። ጎግል ላይ የድርጅትዎን ገጽ፣ የቢዝነስ ፕሮፋይሉን፣ ይክፈቱና ባለቤትነትዎን ያረጋግጡ። ማረጋገጫው አሁን ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ነው፤ ታፔላዎን፣ መንገዱንና የውስጡን ክፍል ያሳያሉ። ፒኑ፣ ማለትም ካርታው ላይ ቤትዎን የሚያሳየው ምልክት፣ በትክክል በርዎ ላይ ይሁን። ይህ ለእኛ አገር ከሁሉም ይበልጣል። እንግዳ ቀበሌና የቤት ቁጥር ይዞ አይመጣም። በምልክት ነው የሚመጣው፤ «ከሆስፒታሉ በር ወረድ ብሎ» እየተባለ። ፒኑ 200 ሜትር ከሳተ እንግዳው ሌላ በር ያንኳኳል።

ስሙንና ስልኩን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ያድርጉ። አንዱ ጋ «ጅማ»፣ ሌላው ጋ «ጂማ»፣ በላቲን ፊደል ደግሞ አንዴ በአንድ ኤም አንዴ በሁለት ኤም እየተጻፈ አይቻለሁ። ታፔላዎ ላይ ያለውን መርጠው በእሱ ይጽኑ። ከእንግዶች አስተያየት ይጠይቁ፤ ሲወጡ በአፍ መጠየቅ ምንም ነውር የለውም። ነገር ግን «አምስት ኮከብ ከሰጡኝ እቀንስልዎታለሁ» አይበሉ። ይህም ክልክል ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዲጽፍም አያድርጉ።

ሳይቱንም ከውስጥ ያዩት። ብዙ የአገራችን ሳይት ዋጋውንና አገልግሎቱን በፎቶ ነው የሚለጥፈው። በፎቶ ውስጥ ያለ የአማርኛ ጽሑፍን ግን ጎግል በትክክል ያነበዋል ተብሎ እምነት አይጣልም። በጽሑፍ ይጻፉት። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ ካለዎት እያንዳንዱ የራሱ ገጽና አድራሻ ይኑረው። ፎቶዎቹ ይቅለሉ፤ እንግዳዎ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ በሞባይል ዳታ ነው የሚከፍታቸው። የራስዎ ገጾች እርስ በርስ ይገናኙ። ከክፍሎች ገጽ ወደ ዋጋ፣ ከዋጋ ወደ አድራሻ። እነዚህም ሊንኮች ናቸው፤ ማንንም ሳይለምኑ ዛሬ ማታ ይሠራሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ከውጭ የሚመጣ ሊንክ የሚታሰበው። ለዚህም አስቀድሞ ሊንክ የሚገባው ነገር መኖር አለበት። አሁን ሳይትዎ ላይ ያለው ክፍል፣ ዋጋና ስልክ ነው ብዬ ልገምት። ይህንን ማን ብሎ ለሌላ ሰው ይጠቁማል? ሰው የሚጠቁመው የሚጠቅመውን ነው። እርስዎ ደግሞ ሌላ ሰው የማያውቀውን ያውቃሉ።

በርዎን ማን እንደሚያንኳኳ ያስቡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከመላው ደቡብ ምዕራብ ታማሚ ይመጣበታል። ከታማሚው ጋር አስታማሚ አለ። ከከፋ፣ ከቤንች፣ ከኢሉ አባ ቦር ሌሊቱን ተጉዞ የመጣ፣ ከተማውን የማያውቅ፣ የት እንደሚያድር የተጨነቀ ሰው። ለዚህ ሰው አንድ ገጽ ይጻፉ። ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታሉ በምን እንደሚኬድ፣ ባጃጅ ስንት እንደሚጠይቅ፣ አካባቢው ላይ ቁርስ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚገኝ፣ ፋርማሲ የት እንዳለ፣ ሌሊት ቢደርስ ማን በር እንደሚከፍትለት። ለብዙ ቀን የሚቆይ አስታማሚ ልብስ የሚያጥብበትና ምግብ የሚያሞቅበት ቦታ ካለዎት እሱንም። ሌሎች ማረፊያዎችንም ይጥቀሱ፤ የእርስዎ ቤት ሲሞላ ሰው ሜዳ ላይ እንዳይቀር። ዋጋ ሲለወጥ ያድሱት፤ ያደሱበትን ቀንም ከላይ ይጻፉ። እንዲህ ያለ ገጽ ነርሷም ትጠቁመዋለች፣ ዘመድም ለዘመድ ይልከዋል፣ ሰው የሚረዳ ማኅበርም ሳይቱ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ራሴ አስታምሜ አውቃለሁ። በዚያ ሌሊት እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ባገኝ ኖሮ ምን ያህል እንደሚቀለኝ አውቃለሁ።

ሁለተኛ ገጽ ከፈለጉ ለምርቃት የሚመጡ ወላጆች አሉ። ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት የሚመጣ ጎብኚ አለ፤ ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እንዴት እንደሚደረስ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። መልኮ ወደሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የሚመጣ ተመራማሪም አለ። በቡና ለቀማ ወቅት ወደ አጋሮ የሚያልፍ ነጋዴም እንደዚሁ። ግን በአንዱ ይጀምሩ። የአስታማሚው ገጽ ይቅደም።

ገጹ ሲያልቅ እውነተኛው የእጅ ሥራ ይመጣል። ጎግል የማይቃወመው የእጅ ሥራ ይኸኛው ነው፤ ሰውን በስሙ ጠርቶ መጻፍ። 20 ቦታ ይምረጡ። ቀድሞ ከሚያውቁዎት ይጀምሩ፦ እንግዳ የሚልክልዎት አስጎብኚ፣ ጅማ ስብሰባ የሚያዘጋጅ ድርጅት፣ ታማሚ የሚረዳ ማኅበር፣ ስለ ከተማው የሚጽፍ ሰው። ገጻቸውን ያንብቡ። ከዚያ አጭር መልእክት፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ላይ ፔንሲዮን አለኝ። ገጻችሁ ላይ ለተሳታፊዎች ያስቀመጣችሁትን የማረፊያ መረጃ አይቼ ነበር፤ ሦስተኛው ስልክ አሁን አይሠራም። እኛ ከመናኸሪያ ጀምሮ መንገዱን የሚያሳይ ገጽ አዘጋጅተናል። ለእንግዶቻችሁ ይጠቅማል ካላችሁ ብትጠቁሙት ደስ ይለናል።» በቃ። ገንዘብ አይጥሩ። በምላሹ ሊንክ አደርጋለሁ አይበሉ። ሊንኩ ላይ ምን እንደሚጻፍም አያዝዙ፤ አንዱ የፔንሲዮኑን ስም፣ ሌላው «የጅማ ማረፊያ መረጃ» ብሎ ቢጽፍ ትክክለኛው እሱ ነው።

መልስ የሚሰጡዎት ጥቂት ናቸው። እኔ 20 ጽፌ 3 ወይም 4 ከመለሱልኝ ጥሩ ሳምንት ነው እላለሁ። ጨዋ ሰው ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ያስታውሳል፤ ሁለተኛ አይጨቀጭቅም። ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይም ገጹን ያጋሩ። እዚያ ያለው ሊንክ ለደረጃዎ አይቆጠርም ብለው ያስቡ። እንግዳ ግን ያመጣል፤ ገጹን ያየ ሰው ነገ ሌላ ቦታ ሊጠቁመው ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም «ሆቴል ጅማ» ላይ አንደኛ ይሆናሉ ብዬ ቃል አልገባም። ቃል የሚገባልዎትን ሰው አይመኑት። ለውጡም በሳምንት አይታይም፤ ወራት ይፈልጋል። የምጠብቀው «ጅማ ሆስፒታል አካባቢ ፔንሲዮን» ብሎ የሚፈልገው ሰው እርስዎን እንዲያገኝ ነው። ያ ሰው ደግሞ ዛሬ ማታ አልጋ የሚይዝ ነው።

ምክሬ ይህ ነው። የ30,000 ብሩን ውል ዛሬ እምቢ ይበሉ። ሻጩ ወደ 15,000 ቢወርድም እምቢ። ቅድሚያ ክፍያ ሰጥተው ከሆነ ሊንኮቹን እንዳያስገባ በጽሑፍ ያሳውቁት፤ ብሩ ባይመለስ እንኳ ሥራው ይቁም። ከብሩ ትንሹን ጥሩ ፎቶ ለሚያነሣ ሰው ይክፈሉ። የተረፈውን ይያዙት። የእህትዎ ልጅ ማታ ማታ የሚያጠፋውን ሰዓት ለአስታማሚው ገጽና ለ20ዎቹ መልእክቶች ያውለው። ከሁሉ በፊት ግን ሰርች ኮንሶልን ይክፈትና «ማኑዋል አክሽን» የሚለውን ክፍል ይይ። ባዶ ከሆነ በዚሁ ይቀጥሉ። ማስታወቂያ ካለበት ምንም ነገር ሳይነኩ የተጻፈውን እንዳለ ይላኩልኝ።